ሸራዋን ስንቀይር ሆዷን ረስተን

በመጀመሪያው ዓመት ያለንን ገንዘብ ሁሉ ያፈሰስነው አዲስ ሸራ ላይ ነው። ጀልባዋ የሦስት ጓደኛሞች ናት፤ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር፣ ክብደቷ ሦስት ቶን ተኩል፣ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ። የፊተኛው ሸራ በባሕረኞች አነጋገር «ጅብ» ይባላል። ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ፈገግ ማለቴን ዛሬም አልተውኩም። አዲሱ ጅባችን የካርቦን ክር ያለበት፣ ጥቁር፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቁርበት የሚንኳኳ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ወደቡ ላይ ያየው ሁሉ ሲያደንቀው እኛም አብረነው ተኮፈስን።

በመጀመሪያው ውድድር ሸራዋ በመጣፊያ ብዛት የተዥጎረጎረ አንዲት ጀልባ በቀኛችን በኩል ቀስ ብላ አልፋን ሄደች። መሪ የያዘው ሰውዬ በአንድ እጁ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ ነበር።

የተናደድኩት በሸራ ሰፊው ነው። ሥራውን ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሸራው ጠማማ መሆን አለበት ብዬ አቤት አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረውን ወጡ። ጀልባዋ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ጅቡን ከታች ወደ ላይ እያዩ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አሉ። ነፋሱ ከ8 ኖት (የባሕረኞች የፍጥነት መለኪያ ነው) ወደ 14 ሲወጣ በሸራው የፊት ጠርዝ ላይ አግድም ሽብሽቦች ብቅ አሉ። «በል ጠበቅ አድርገው» አሉኝ። የሸራውን መስቀያ ገመድ በዊንች ሁለት ዙር ስጠመዝዘው ሽብሽቦቹ ጠፉ።

«ልጄ፣ ሸራው ምን በደለ? ገመዱ ነው የሚለጠጥብህ።»

የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ8 ወደ 14 ኖት ሲሄድ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የእኛ ገመድ አሮጌ ፖሊስተር ስለነበር ይለጠጣል፤ የሸራው የፊት ጠርዝ ይላላል፤ የሸራው ሆድ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ታጋድላለች እንጂ ወደ ፊት አትሄድም። ዳይኒማ በሚባል ቀጭን፣ ብዙም በማይለጠጥ ገመድ ለወጥነው። ዋጋው ከሸራው ጋር ሲነጻጸር ለመናገርም ያሳፍራል።

ሽማግሌው ሊወርዱ ሲሉ ሌላ ጥያቄ ጣሉብን። «ለመሆኑ ሆዷን ካያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» እኔ ጓደኛዬን አየሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ምሰሶውን አየ።

ከውኃ ሳናወጣት በፊት ግን አሁን ያላትን ፍጥነት መዝግቤ ልያዝ አልኩ። በኋላ ለውጡን ከምን ጋር ላነጻጽረው ነው? እዚህ ላይ ነው ትልቁን ውሸታም ያገኘሁት፤ ስክሪናችንን። ከጀልባዋ ሥር ያለችው ትንሽ መዘውር በውኃው ፍሰት እየተሽከረከረች ፍጥነት ትለካለች። በሁለት ምልክቶች መካከል አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሄድን፤ የጂፒኤሱን ሁለት ንባቦች አማካይ ወሰድኩ፤ እንዲህ ሲደረግ የውኃው የራሱ ጉዞ ይጣፋል። ጂፒኤሱ 6.0 ሲል የእኛ መለኪያ 6.5 ይላል።

ግማሽ ኖት መጋነን ለኩራት ካልሆነ ምን ይጎዳል ያልኩ ነበርኩ። ጉዳቱ ከነፋስ ስሌት ጋር ሲደመር ነው። መሣሪያው ጀልባዋ ላይ የሚሰማውን ነፋስ ይለካና የጀልባዋን ፍጥነት ቀንሶ እውነተኛው ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ያሰላል። ፍጥነቱ ተጋንኖ ከገባ ነፋሱ ከትክክለኛው ቦታ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይታያል። ሁለት ዲግሪ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ስህተቱ በቀኝም በግራም እኩል ስለሚሠራ፣ ወደ ነፋሱ በዚግዛግ ስንሄድ ጀልባዋን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ባዞርን ቁጥር ስክሪኑ ነፋሱ አራት ዲግሪ ለእኛ እንዳደላ ይነግረናል። ወደ ግራ ብንዞር «ጎበዝ፣ በሰዓቱ ዞርክ»፤ ወደ ቀኝ ብንዞርም «ጎበዝ»። ሁለት ዓመት ሙሉ አሞጋሽ ቀጥረን ኖረናል። ታክቲክ የሚመራው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ የቆየ የኩራት ታሪኮቹን አንድ በአንድ እየሰረዘ ለሳምንት ዝም አለ።

ሌላም ጥፋት ነበር፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው የነፋስ ጠቋሚ ትንሽ ተጣሞ የተገጠመ ነው። ይህኛው በቀላሉ ይታወቃል፤ ወደ ነፋሱ ተጠግተን ስንሄድ በአንዱ ወገን 27 ዲግሪ፣ በሌላው 35 ያነባል። የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 4 ዲግሪ፣ አስተካከልን። አንድ ከሰዓት ፈጀ።

ከዚያ ወጣች። በክሬን ተንጠልጥላ ውኃው ሲንጠባጠብባት ሳያት አፈርኩ። ተለጣፊ ዛጎሎች፣ አረንጓዴ ጢም፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ የተላላጠ ቆዳ። ከታች ደግሞ ባለ ሦስት ምላጭ የማይታጠፍ ፕሮፔለር ተገትሯል። ሞተሩ በማይሠራበት ውድድር ላይ ባልዲ እየጎተትን ነበር ማለት ነው።

ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ይህን ቁጥር የማያውቅ ባሕረኛ የለም፤ ገንዘቡን ግን አየር ላይ ያፈሳል፤ ሸራ ይታያልና። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ ቶርኪ በተባለች ከተማ ረጅም ገንዳ ሠርቶ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ ያሳየው ነገር እዚህ ይጠቅማል። አንዲት ጀልባን ወደ ኋላ የሚይዟት ሁለት ዋና ነገሮች ናቸው፤ የውኃው ሰበቃና ራሷ የምትፈጥረው ሞገድ። በዝግታ ስትሄድ የሚገዛው ሰበቃው ነው። ስትፈጥን ሞገዱ እየረዘመ ይመጣና ርዝመቱ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ሲተካከል ሁለት ማዕበል መካከል ተቀርቅራ ትቀራለች። ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ በሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ2.43 ሲባዛ ይህ ወሰን በኖት ይገኛል። የእኛ 7.6 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 6.7 ኖት። እሱን በብርጭቆ ወረቀት አላልፈውም። ነፋስ ሲደክም ግን፣ 3 እና 4 ኖት ላይ፣ ጨዋታው የቆዳ ነው።

አሮጌውን ቀለም ፍቀን አወረድን። ከዚያ አንድ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ጣውላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈን በሰያፍ፣ ሁለት ሰው ለሁለት ሰው፣ መሞረድ ጀመርን። በእጅ መዳፍ ከተሞረደ እጅ ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፤ ረጅሙ ጣውላ ግን ጉብታውን ብቻ ይበላል። ኪሉ፣ ማለትም ከጀልባዋ ሥር የተገጠመው ከባድ ክንፍ፣ የባሰ ነበር። ከኮምፔንሳቶ የትክክለኛውን ቅርጽ ግማሽ ቆርጠን ስናስጠጋው በአንዱ ጎን እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት፣ በሌላው ምንም። ሁለቱ ጎኖች አንድ ስላልነበሩ ጀልባዋ ወደ ግራ ስትሄድ ከወደ ቀኙ ጉዞዋ ትሻል ነበር፤ ይህንንም ስናማርርበት የኖርነው በሸራው ነው። ኢፖክሲ ሞላን፣ ሞረድን፣ እንደገና ሞላን። በመጨረሻ በውኃ እየረጠበ በ400፣ ቀጥሎም በ600 ቁጥር ወረቀት ለሰለሰ። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሄደ፤ የትከሻዬን ነገር ልተወው።

እግረ መንገዴን፦ እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ያሸነፈችው ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ሆዷ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ቦዮች ያሉት ስስ ሽፋን ተለጥፎባት ነበር። የውድድር ደንቡ አሁን እንዲህ ያለውን ሆን ተብሎ የተሸነተረ ገጽ ይከለክላል። ስለዚህ ማለስለስ እንጂ ሌላ ብልሃት አትሹ።

ኪሉን ስንሞርድ ከጀልባዋ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቡናማ የዝገት ዕንባ አየን። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ በስቱኮ ልደፍነው ነበር፤ የውድድር ወቅቱ ሊከፈት ነው። ጓደኛዬ እንቢ አለ። ባለሙያ መጥቶ ኪሉን የያዙትን ቡሎኖች ሲያወጣ ሁለቱ ወገባቸው ላይ ተበልተው ቀጥነዋል። ሁሉም ተቀየሩ፤ ስድስት ሳምንት ከሰርን። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለችው ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተላቆ አራቱም ባሕረኞቿ አልተመለሱም። ይህን አውቄ ስቱኮ ማንሳቴ እስካሁን ይከነክነኛል።

ፕሮፔለሩን በሚታጠፍ ቀየርነው። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። በተለያዩ ጀልባዎች መካከል በሚደረግ ውድድር እያንዳንዷ የሬቲንግ ቁጥር አላት፤ የወሰደችው ጊዜ በዚያ ይባዛል። የሚታጠፈው ፕሮፔለር ቁጥራችንን ከ0.940 ወደ 0.946 አወጣው። ለአንድ ሰዓት ውድድር 22 ሰከንድ ገደማ ቅጣት መሆኑ ነው። ያገኘነው ፍጥነት 5 ኖት ላይ ሦስት አሥረኛ ኖት ያህል ስለነበር በሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አተረፍን። የካርቦን ምሰሶ ስናስብ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ፤ 0.012 ተጨማሪ፣ በሰዓት 43 ሰከንድ፣ ዋጋውም ከጀልባዋ የሚበልጥ። ተውነው።

የምሰሶውን ክብደት በሌላ መንገድ ቀነስን። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለ 1 ኪሎ ከጀልባዋ የክብደት ማዕከል 12 ሜትር ይርቃል፤ ኪሉ ግን ከዚያው ማዕከል የሚርቀው 1.5 ሜትር ነው። ያችን አንድ ኪሎ ለማመዛዘን ታች 8 ኪሎ እርሳስ ያስፈልጋል። የማንጠቀምበትን አንቴና፣ ወፍራም ገመዶችን፣ የዛገ ካሩኮላ አወረድን። አፍንጫዋ ውስጥ የተከመረውን 40 ሜትር የመልህቅ ሰንሰለት፣ 56 ኪሎ ነው፣ ወደ መሀል አመጣነው። ማዕበል ላይ እየደፈቀ የሚያዘገያት እሱ ነበር። የነፍስ አድን ዕቃዎችን አልነካንም።

ወደ ውኃ ስትመለስ አንድ ስንፍና ቀረ፤ የራሳችን። የጀልባ ዲዛይን ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ የነፋስ ጥንካሬ ጀልባዋ በየአቅጣጫው ልትደርስበት የሚገባትን ፍጥነት በሠንጠረዥ ያወጣል። እኛ ወደ ነፋሱ በጣም መጠጋት እንወድ ነበር፤ ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ ነፋሱ ቀርቦ መሄድ ደስ ይላል። ከነፋሱ አቅጣጫ በ41 ዲግሪ 5.4 ኖት እንሄዳለን። ሠንጠረዡ 44 ዲግሪ እና 5.9 ይላል። ሁለቱን ወደ ነፋሱ በቀጥታ በሚደረግ ግስጋሴ ስቀይራቸው 4.08 እና 4.24 ሆኑ። በአንድ ሰዓት ከ300 ሜትር በላይ! አፍንጫዋን ሦስት ዲግሪ ከነፋሱ ለማራቅ የሚከፈል ነገር የለም፤ የመሪውን ሰው ማሳመን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቡሎን ቅየራ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። መለኪያው ባይስተካከል ኖሮ ይህ ሠንጠረዥ ራሱ ባዶ ወረቀት ነበር፤ 5.4ቱን 5.9 ብሎ እያነበበልን ደርሰናል ብለን እንቀመጥ ነበር።

ስለ ዲዛይን ሳስብ የምመለሰው እ.ኤ.አ. ወደ 1983 ነው። ቤን ሌክሰን የነደፋት «አውስትራሊያ ሁለት» የተባለችው ጀልባ ኪሏ ከታች ክንፍ ነበረው፤ ኒውፖርት ወደብ ላይ በጨርቅ ጋርደው ደበቁት። 4 ለ3 አሸንፋ አሜሪካኖቹ ለ132 ዓመት የያዙትን የአሜሪካ ዋንጫ ወሰደች። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተወዳደሩት ጀልባዎች በውኃ ውስጥ ክንፍ ላይ ተነሥተው ከ40 ኖት በላይ በረሩ፤ የሞገዱን ወሰን ከውኃው በመውጣት አመለጡት። ሁለቱም ጊዜ ድሉ ከሸራው በታች ነበር። እንደኛ ያለ ሦስት ቶን ተኩል ግን አይበርም፤ በክንፍ ልናስነሳት ያሰበ አንድ ጓደኛችን ነበር፤ ሥዕሉን ደብቀንበታል።

በሦስተኛው ዓመት ያችን መጣፊያ የበዛባትን ጀልባ ከአራት ውድድር ሦስቱን ቀደምናት። ሦስቱም ደካማ ነፋስ ላይ ነው። ነፋስ ሲበረታ አሁንም ታልፈናለች፤ ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ ከእኛ ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ የሠራሁት የመሪውን ክንፍ ነው። ከ6 ኖት ሲያልፍ እጀታው ድረስ የሚሰማ ጉርምርምታ ነበረው። የኋላ ጠርዙ ክብ ስለነበር ውኃው ሲለቀው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተጠቀለለ ያንቀጠቅጠዋል። ጠርዙን በሰያፍ፣ በስለት መልክ ሞረድኩት፤ ድምፁ ጠፋ። ጓደኞቼ ያመሰግኑኛል ስል ጭቅጭቅ ተነሣ። ለካ ሁሉም በዚያች ጉርምርምታ ነበር 6 ኖት መድረሳችንን የሚያውቁት፤ አሁን አንገታቸውን አዙረው ስክሪኑን ማየት ሊኖርባቸው ነው፤ ስክሪኑን ደግሞ እስካሁን አያምኑትም።