የይግባኝ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ

ሰው ስለ ይግባኝ ሲያወራ «ጠበቃ ያዝ» ብሎ ያልፋል። እንዴት እንደሚያዝ የሚነግር የለም። ለእኔም ማንም አልነገረኝም፤ ቢያንስ እናንተ፣ በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ስሙኝ።

ጉዳዬ ቀላል ነበር። ያገለገለ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ልገዛ ቀብድ ከፈልኩ። ሻጩ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ለሌላ ሰው ሸጠው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ግን የከፈልኩት ብቻ ይመለስልኝ ብሎ ወሰነ። እስከዚያ ድረስ የተከራከርኩት ራሴ ነኝ። ይግባኙን ግን ለባለሙያ ልስጥ አልኩ።

የፍርዱን ግልባጭ ማውጣቱ ብዙ ወሬ የለውም፤ ማመልከቻ፣ ክፍያ፣ ወረፋ፣ ማህተም፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አለ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ «የይግባኙ ቀን የሚቆጠረው ግልባጩ ከወጣ ጀምሮ ነው፣ ተረጋጋ» አለኝ። እናንተ አትረጋጉ! የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 የሚሰጠው 60 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ያ ሠራተኛ መጥቶ አይመሰክርላችሁም። ግልባጩ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ፍርዱ በተነበበ ማግስት ጠበቃ መፈለግ ጀምሩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ «ጠበቃ ፈልገህ ነው?» እያሉ የሚከተሉ ደላሎች አሉ። እነሱን አልፌ «በሰው» ልሂድ ብዬ የእድራችንን አንድ ትልቅ ሰው ጠየቅኩ። «እኔ የማውቀው ጎበዝ ጠበቃ አለ» ብለው ላኩኝ። ቢሮው ያምራል፤ የሕግ መጽሐፎቹ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቆልፎባቸዋል። ፍርዱን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። ፖስታውን አልከፈተውም። በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና «አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄማ ያለቀ ነገር ነው» አለኝ። የክፍያውን ግማሽ በባንክ አስገባሁለት፣ ውልና ማስረጃ ሄጄ ውክልና ሰጠሁት።

ከዚያ ጠፋ። ስደውል አያነሳም፤ ቆይቶ «ችሎት ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» የሚል መልእክት ይመጣል። ሁሌም ችሎት ላይ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓትም ጭምር! 60 ቀኑ እየተገባደደ ሲመጣ ቢሮው ሄጄ ቁጭ አልኩ። የጻፈውን አሳየኝ፤ ሁለት ገጽ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታሪኬን ይተርካል፣ ዳኛዋን ይሳደባል፣ ቀጥሎም ሥር ፍርድ ቤት ጠይቄ የማላውቀውን የሞራል ካሳ ይጠይቃል። ሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ነገር ይግባኝ ላይ አዲስ ሆኖ አይነሳም፤ ይሄን ሕግ ያልተማርኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ «መልስ ሰጪዋ ወይዘሮ» ይላል። የከሰስኩት ሰውዬ ጺም አለው። የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ የእኔን ስም ነው የለጠፈው።

«ፍርዱ ላይ ስህተቱ የቱ መስመር ነው?» አልኩት። «እሱን ዳኞቹ ያዩታል» አለኝ። በቃ፣ እዚያ ላይ ጨረስን። ገንዘቤን ስጠይቀው «ለመዝገብ መክፈቻና ለትራንስፖርት አልቋል» አለ። የትኛው መዝገብ? ምንም አላስገባም እኮ!

ይሄን ሁሉ የማወራው ለንዴቴ ማስተንፈሻ ብቻ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 ይግባኙ የዘገየው በጠበቃው ጥፋት ከሆነ በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። እሱ ተኝቶ ቀኑ ቢያልፍ ተቀጪው እኔ ነኝ። ቁጥር 337 ደግሞ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከቻውንና ፍርዱን አይቶ ይግባኙ ካልተዋጠለት ሌላውን ወገን ሳይጠራ ይዘጋዋል፤ «አያስቀርብም» የሚሉት እሱን ነው። ስለዚህ ችሎት ላይ አንደበቱ የሚያምር ጠበቃ አያስፈልጋችሁም። ብዕሩ የሚያምር ፈልጉ።

ውክልናውን ሻርኩና ሌላ ጠበቃ ፍለጋ ገባሁ። ሁለተኛዋ ገና ዋጋ ሳንነጋገር ፍርዱን ተቀብላ እርሳስ ይዛ አነበበችው፣ እኔ ፊት። ለማንበቢያ ለብቻው አስከፈለችኝ። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ብልጠት ያየዋል፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ጥሩ ምልክት የለም እላለሁ። የደረደርኩላትን ቅሬታ አብዛኛውን ሰረዘችው። «ይሄ ‹ምስክር ዋሸ› ማለት ነው፣ ይግባኝ ሰሚ እዚህ ውስጥ ብዙ አይገባም» አለችና የቀብዱን ነጥብ ብቻ ያዘች። የሰበር ችሎት (የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕግ ስህተት የሚያርም ችሎት) ውሳኔዎች የታተሙበትን መጽሐፍ አወጣችና የእኔን ጉዳይ የሚመስለውን ፈለገች። የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለዚህ ጠበቃ ስታናግሩ «በዚህ ላይ ሰበር ምን ብሏል?» በሉት። ከተንተባተበ ተነሱና ውጡ። እናሸንፋለን አላለችኝም። «ያስቀርባል ሊሉ ይችላሉ» ነው ያለችኝ፣ እሱም ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

ክፍያውን ከፋፍለን ተዋዋልን፣ በጽሑፍ፦ ለማመልከቻው ይሄን ያህል፣ ካስቀረበ ለክርክሩ ይሄን ያህል። ፈቃዷ መታደሱን አየሁ፣ አልተቀየመችም። ውክልናው ላይም ዓይናችሁን ክፈቱ። ዝግጁ ቅጹ ላይ መታረቅና ገንዘብ መቀበል አብሮ ተጽፎ ይመጣል፤ የማትፈልጉትን ሳትፈርሙ በፊት አስወጡ። አቅም የሌላችሁ ደግሞ ጠበቆች ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው እወቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችን የነጻ ድጋፍ ማዕከላት፣ ሴቶች ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ጠይቁ።

ማመልከቻው ቀኑ ሳያልፍ ገባ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያስቀርባል አለ፣ ሻጩ ተጠራ፣ በመጨረሻም እጥፉ እንዲከፈለኝ ተወሰነ። አሁን አፈጻጸም ላይ፣ ማለትም የተፈረደልኝን ለማስከፈል ክርክር ላይ ነኝ፤ የእሱን መከራ ሌላ ቀን አወራዋለሁ። የመጀመሪያው ጠበቃ ብሬን አልመለሰም። የባንኩን ወረቀትና «ወይዘሮ» የሚለውን ማመልከቻ አያይዤ የዲሲፕሊን አቤቱታ አስገብቻለሁ። የእድራችን ሰው «ተወው፣ ጨዋ ሰው ነው» ይሉኛል። አልተውም።