ልጃችንን በአዊኛና በአማርኛ ስናሳድግ የገጠመን፣ አስቀድሞ ሊነገረን ይገባ የነበረው

ልጄን በሁለት ቋንቋ ለማሳደግ የወሰንሁት ብዙ አውጥቼ አውርጄ አይደለም። እኔ ከዳንግላ ወዲያ የተወለድሁ የአዊ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ከአማርኛ ሌላ የማይናገር ሰው ነው፤ አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ቢኖራትም ሕፃን የምታጫውተው በአዊኛ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔና እናቴ በአዊኛ፣ አባቱና ሰፈሩ በአማርኛ እንዲያናግሩት ተስማማን። ክረምት ሲሆን ወደ ገጠር እንወስደዋለን፤ በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት በቋንቋው ስለሚሰጥም ከእንጅባራ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ አስመጥተን ሥዕሎቹን እናሳየዋለን። ስለዚህኛው ክፍል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ችግሩ የመጣው ኬጂ ልናስመዘግበው በሄድንበት ዕለት ነው። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ ክፍያው የማይቀመስና በአካባቢያችን የተከበረ ነው ማለት ይበቃል። መዝጋቢዋ መምህርት የሥዕል ካርዶች ዘርግታ ልጁን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ድመቷን በአማርኛ፣ ውሃውን በአዊኛ፣ ዶሮዋን በአማርኛ፣ እሳቱን በአዊኛ ነገራት፤ እርሷም በአዊኛ በመለሰ ቁጥር ወረቀቷ ላይ ኤክስ ታደርግ ነበር። «ይህንንም እኮ በትክክል ነው የመለሰው» ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል «እኔ የምመዘግበው የገባኝን ነው» አለችኝ። ያልገባት እርሷ ሆና ሳለ ውጤቱ የተጻፈው በልጄ ስም ነው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ተመልክተው «እኅቴ፣ አይቀየሙኝና ልጁ ግራ ተጋብቷል፤ አንዱን ቋንቋ ተዉለትና አፉን ሲፈታ ያምጡት» አሉኝ። የትኛውን እንድንተው እንደፈለጉ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለማንኛውም ከባለሙያ ወረቀት እንድናመጣ ስላዘዙን ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድን፤ እዚያ የገጠመን ደግሞ የባሰ ነበር። ያየን ባለሙያ የልጁን ጆሮ አልመረመረም፣ በአዊኛ ስንት ቃል እንደሚያውቅ አልጠየቀም፣ የምንለውን ይረዳ እንደሆነም አልፈተነም፤ ቤት ውስጥ ምን እንደምንናገር ብቻ ጠይቆ «በአማርኛ ብቻ ይነጋገሩት» ብሎ ጻፈ። አፍ ለመፍታት ዘገየ ለተባለ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው መስማቱ ነው። በሌላ ቦታ ከፍለን ስናስመረምረው መስማቱ ጤናማ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ያንን ያዘዘልን ሰው አልነበረም፣ በራሳችን ፈቃድ ነው የሄድነው።

ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ወረቀት በእናቴ ላይ ያደረሰው ነው። ባለቤቴ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰምታ ነበርና ከዚያ ምሽት ጀምሮ ልጁን ማናገር ተወች። ቂጣውን ቆርሳ ዝም ብላ ትሰጠዋለች፣ ጫማውን በጣቷ ትጠቁመዋለች፤ እርሱ በአዊኛ ሲጠይቃት እንደ ጥፋተኛ ወደ እኔ ትመለከታለች። በመጨረሻም «የልጁን አፍ ያሰርሁት እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እርሷ ስለሆነች፣ አዊኛውን ስትተው በቦታው አማርኛ አልተተካም፤ ዝምታ ነው የተተካው። «አንዱን ተዉ» የሚሉት ባለሙያዎች የማይገባቸው ይህ ነው። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው የሚያናግረው ሰው ሲበዛ ሆኖ ሳለ፣ እነርሱ ግን ንግግር ራቀው የሚሉትን ልጅ የበለጠ ንግግር ያርቁታል።

ባለቤቴ «ባለሙያ ያለውን እንዴት እንንቃለን፣ ለአንድ ዓመት ብቻ እንተወው» አለ። ስለዚህ እኔ ማንበብ ነበረብኝ። ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደክማል የሚለው እምነት ሥሩ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተደረጉ የአእምሮ ፈተናዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ድሃ የስደተኛ ልጆችን በማይችሉት ቋንቋ ፈትነው ከባለጸጋ ልጆች ጋር ያወዳደሩ ነበሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በኑሮ ደረጃ የሚመሳሰሉ የ10 ዓመት ልጆችን ሲያወዳድሩ፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት በልጠው ተገኙ። በ1993 ደግሞ ፒርሰን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚሰሙ ሕፃናትን ቃላት ቆጥረው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲደመሩ ከሌሎች ሕፃናት እንደማያንሱ አሳይተዋል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ 50 ቃላት ይኖሩታል የሚባለውም መለኪያ በድምሩ የሚታይ ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አሰምሬ ባለቤቴን የአማርኛውን እንዲሞላ አደረግሁት፤ የኔን ዓምድ ጎን ለጎን ሲያይ ክርክሩ በዚያው አበቃ። እናቴን ወደ ወሬዋ መመለስ ግን የደብተር ነገር አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ቢቀላቅል ግራ መጋባት አይደለም። ማሪያንና ስፓይቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው እንዳሳዩት፣ አንዱን ቋንቋ እየሰሙም ሌላኛው በአእምሯቸው ውስጥ አይዘጋም። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የዕቃ ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚቀረው ሁለት ቋንቋ በሚናገር ሰው ላይ ይበዛል። ይህንን በራሴም አየዋለሁ፣ አላፍርበትምም።

በተቃራኒው «አእምሮው እንደ ምላጭ ይሳላል» እያሉ የሚያሞካሹኝም አላስደሰቱኝም። ትኩረትን በመቆጣጠር ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ይበልጣሉ የሚለው፣ በተለይ የካናዳዋ ተመራማሪ ኤለን ቢያሊስቶክ ሥራዎች ያስፋፉት ግኝት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ልጆች በታዩበት ጥናት አልተደገመም። ስለ እርጅና የሚባለው ጠንከር ይላል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ሕንድ፣ ሃይደራባድ ውስጥ በ648 የመርሳት በሽታ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ሁለት ቋንቋ በሚናገሩት ላይ በሽታው በአማካይ 4 ዓመት ተኩል ዘግይቶ መታየቱን፣ ይህም ፊደል ባልቆጠሩት ላይ ጭምር መሆኑን ዘግቧል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠችውን እናቴን አስቤ ደስ አለኝ፤ ሆኖም ሰዎችን ከጤንነታቸው ጀምረው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ይህን ልዩነት በአብዛኛው ስላላገኙ፣ ማንም ለዚህ ሲል ልጁን ሁለት ቋንቋ ያስተምር አልልም። አዊኛው ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ነው፤ ለኔ ይህ ይበቃኛል።

«አንድ ወላጅ አንድ ቋንቋ» የሚለውን የተለመደ ምክር እኔ አልመክርም። ደ ሃወር የተባለች ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ፍላንደርስ 1,900 ከሚጠጉ ቤተሰቦች ባሰባሰበችው መረጃ፣ ወላጆች ቋንቋውን እንዲህ በተከፋፈሉባቸው ቤቶች ከአራት በአንዱ ገደማ ልጆቹ ከቤት ውጭ ብዙ የማይነገረውን ቋንቋ ሳይናገሩ ቀርተዋል። አማርኛን ባሕር ዳር መንገዱም፣ ባጃጁም፣ ቴሌቪዥኑም ያስተምሩታል፤ ቤቱ ያዘንብል ከተባለ ወደ አዊኛው ያዘንብል።

ልጃችንን ሌላ ኬጂ አስገባነው፤ አሁን አማርኛው ከእኩዮቹ አይለይም። እንደኛ ያለ ወረቀት የሚሰጣችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ መጀመሪያ የልጁን መስማት አስመርምሩ፣ የሁለቱንም ቋንቋ ቃላት በጽሑፍ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚባለውን በየትኛውም ቋንቋ የማይረዳ ወይም የተናገረውን የተወ ልጅ ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ያየው። ከዚያ በኋላ «አንዱን ተዉ» የሚል ባለሙያ ቢገጥማችሁ ምክንያቱን ከፊርማው ጋር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። የኛው ባለሙያ ምክሩን ለመጻፍ አፍታም አልፈጀበትም፤ ምክንያቱን ጨምርልን ስንለው ግን ወረፋ አለ ብሎ ቀጣዩን ጠራ።