የስኮትላንድ የቀብር መዝገብና የእኛ የቅሬ ደብተር

በወሎ ዘር የሚቆጠረው በቃል ነው፤ በአንድ ሐረግ ላይም ሙስሊምና ክርስቲያን አያቶች ተከታትለው ይገኛሉ። በስኮትላንድ ግን የቀድሞ ትውልድ የሚፈለገው በአብዛኛው ከጽሑፍ ነው። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዴታ መመዝገብ የጀመረው በ1855 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የያዙት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መዛግብት ናቸው፤ በእነርሱም ውስጥ የቀብር ምዝገባው ከጥምቀቱና ከጋብቻው ይልቅ የሳሳ ነው። ብዙ ጊዜ የሟቹ ስም የሚገኘው፣ አጥቢያው የሬሳ ሣጥን የሚሸፈንበትን ጨርቅ ያከራየበት ሒሳብ በተጻፈበት ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ኪራዩን መክፈል ያልቻለ ድሃ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። በጎ ጎኑ፣ ያገባች ሴት በመቃብር ድንጋይ ላይ በአባቷ ቤተሰብ ስም መጠራቷ የተለመደ በመሆኑ፣ የእናትን ወገን መከተል ይቻላል።

የእኛም ቅሬ (የቀብር መረዳጃ ዕድራችን) መዋጮን ለመቆጣጠር የሚይዘው ደብተር፣ ሐዘን የማንን ቤት መቼ እንደጎበኘ ይመሰክራል። እነዚህ ደብተሮች በየጸሐፊው ቤት እርጥበትና አይጥ ሳያጠፋቸው፣ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ቢነሡና ሽማግሌዎች በቃል ከሚቆጥሩት ሐረግ ጋር ቢመሳከሩ እወዳለሁ፤ በተለይ በአባት በኩል ብቻ ስንቆጥር የምንዘላቸው የሴት አያቶች ስም እንዲጻፍ።