የስንዴ ማሳችሁን አንድ ክንድ ቆፍራችሁ እዩት

አምና ፍልሰታ ሲፈታ ሐረማያ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። ከሐረር ሩቅ አይደለም፣ አወዳይን አልፎ ትንሽ ነው። ዶሮው እስኪደርስ ጋሼ «ነይ እስቲ ስንዴዬን እዪልኝ» ብለው ወደ ታች ይዘውኝ ወረዱ።

ከፍ ያለው መሬታቸው ጫት ነው። ስንዴው ያለው ከታች፣ ሜዳው ላይ፣ ዋልካው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ግማሹ ማሳ ደህና አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ። «ዩሪያ አንሶት ነው» አሉ ጋሼ። ጎረቤታቸው ደግሞ ዋግ ነው ባይ ናቸው። «ውሃ ነው» ያለ ሰው አልነበረም። ማሳው ላይ ኩሬ የለማ! እንዲያውም ከላይ ፀሐይ መትቶት ቅርፊት ይዟል።

ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ይዤ አሸሁት። ቢጫ ዋግ ቢሆን ጣት ላይ እንደ እርድ ዱቄት ይቀራል፤ ምንም አልቀረም። ቢጫው የጀመረው ከታችኛው፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት። አጭርና ቡናማ ነው፣ ሳብ ሲያደርጉት ይላላጣል። አፈሩን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዶማ አስመጣሁና አንድ ክንድ ከስንዝር ቆፈርን። ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ትተነው ወጣን፣ ዶሮ በላን፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተቀመጥን። ስንመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቆሟል፤ አፉ ጋ ሊደርስ የቀረው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር።

ጋሼ ዝም ብለው ቆይተው «ከሥር ነው እንዴ የሚተኛው?» አሉኝ።

አዎ፣ ከሥር ነው። እርሻ የተማርኩት እዚያው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ግን ያን ቀን የገባኝን ያህል ክፍል ውስጥ አልገባኝም ነበር። የስንዴ ሥር ይተነፍሳል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው በ10,000 እጥፍ ገደማ ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ ውሃ ከጠገበ ሥሩና ተሕዋስያኑ ያለውን አየር ጨርሰው ሌላ አይመጣላቸውም። አፈሩ ሞቅ ካለ ያለው አየር በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ አየር ያጡት ተሕዋስያን ናይትሬቱን፣ ማለትም ስንዴው ናይትሮጅን የሚያገኝበትን ምግብ፣ መጠቀም ይጀምራሉ፣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ቢጫው የመጣው ከዚህ ነው። ጋሼ «አንሶት ነው» ሲሉ በከፊል ልክ ነበሩ፤ ስንዴው ናይትሮጅን አጥቷል። ግን ውሃው ሳይወጣ ዩሪያ መበተን ማለት በዚህ የማዳበሪያ ዋጋ ብርን ለአየር መስጠት ነው። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፣ አዲስ ነጭ ሥር ይታይ፣ ከዚያ ይጨመር።

እኛ ሐረርጌ ያደግን ሰዎች ዝናብ ሲባል የሚታየን ወይ መቅረቱ ነው ወይ ጎርፍ ሆኖ መምጣቱ። ድሬዳዋ ላይ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ማን ይረሳል? ጎርፍ ግን ድምፅ አለው። ይሄኛው ዝም ብሎ ተኝቶ ነው ማሳ የሚጎዳው። በአገሪቱ ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አለ። እኛ ጋ ከተራራው ሥር ባሉት ሜዳዎች ላይ ቁራሽ ቁራሹን ነው የምታገኙት፣ ለዚህም ነው ትኩረት የማያገኘው።

ለዘንድሮ ከመዘራቱ በፊት ግንቦት ላይ ሄጄ ከጋሼ ጋር ማሳውን ዞርነው። ስንጥቁ አሁንም አልተዘጋም፣ እጅ እስከ አንጓ ያስገባል። ይሄ አንዱ ምልክት ነው፤ በበጋ እንዲህ የሚሰነጠቅ አፈር በክረምት ይዘጋና ውሃ አያሳልፍም። ታችኛው ጥግ ላይ እንግጫና ቄጠማ በቅሏል፣ ሁለቱም ውሃ የሚተኛበት ቦታ ይወዳሉ። ስንቆፍር አፈሩ ግራጫ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ነበረበት። ይሄ የአንድ ዓመት ነገር አይደለም፣ ውሃው በየክረምቱ ሲመላለስበት የኖረ አፈር ነው። ከሁሉ የረዳኝ ግን የጋሼ ትዝታ ነው። አህያ የት እንደሰጠመች፣ ማሽላው በየትኛው ዓመት የት ላይ እንደቀጨጨ፣ አንድ በአንድ ያውቁታል። አጠያይቁ፣ ሽማግሌ የሚነግራችሁ ካርታ ላይ የለም።

ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። ስንዴ በጣም የሚጎዳው ተዘርቶ ሳይበቅል ውሃ ከተኛበት ነው፤ ዘሩ በጥቂት ቀን ውስጥ አፈር ውስጥ ይሞታል። ከበቀለ በኋላ ትንሽ ይታገሳል፣ አዲስ ሥር ያወጣል፣ ግን ቅርንጫፉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከባዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት በቅሎ እንዲጠብቀው ቶሎ መዝራት ይሻላል፣ አፈሩ እርጥበት እስካገኘ ድረስ።

ያደረግነው ይሄ ነው። በጣም ዝቅ ያለውን ጥግ ከስንዴ አወጣነው፣ ለከብቶቹ ሳር ይሁን ተባለ። የቀረውን መደብ አደረግነው፣ ወርዱ 80 ሴንቲሜትር፣ በመካከል 40 ሴንቲሜትር ቦይ። ይሄን በበሬ የሚሠራ ቢቢኤም የሚሉት መሣሪያ አለ፤ እኛ አላገኘንም፣ በማረሻና በእጅ ነው የሠራነው። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ በእጅ ሲሠሩት የኖሩት ነው፣ ስለዚህ ይቻላል። ወገብ ግን ያስጎነብሳል።

የከበደን ፈሰሱን የት እናውጣው የሚለው ነበር። ቀጥታ ብንለቀው የጎረቤት ጫት ውስጥ ይገባል። ጋሼ «የኔን ስንዴ አድኜ የሰው ጫት ልግደል?» ብለው እምቢ አሉ። ሁለት ቀን ተነጋግረው በድንበሩ ላይ አንድ የጋራ ቦይ ቆፈሩ፣ እስከ ወንዙ ድረስ።

ጉድጓዷን አልደፈንናትም። ማሳው መሃል ናት፣ ልጅ እንዳይገባባት እሾህ ከበናታል። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ጋሼ ጠዋት ወርደው በእጃቸው ይለኩና ይደውሉልኛል። ትናንት የደወሉት ገና ቁርስ ሳልበላ ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ፣ ዛሬ ውሃው ከጉድጓዷ አፍ ሁለት ስንዝር ተኩል ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው» አሉኝ።