ውሃ የምትውጥ ተራራ፦ ወደ ባስኳ መንደር ሴንት አንግራስ

ሴንት አንግራስ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ናት። መሬት ላይ ያቺን ነጥብ የሚፈልግ ሰው ግን ሳያያት ያልፋታል። ቤቶቿ በኡሃይቻ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በየተረተሩ ተራርቀው ለብዙ ኪሎ ሜትር ተበትነዋል። በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በፒሬኔ ተራሮች ሥር፣ ባስኮች (በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ) ሱቤሮአ፣ ፈረንሳዮች ሱል በሚሉት አውራጃ ውስጥ ትገኛለች። ባስኮቹ ራሳቸው ሳንታ ግራሲ ይሏታል። ዛሬ 200 ያህል ሰው ይኖርባታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ1,000 በላይ ነበር። ቀናቱን፣ ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የመጣሁት በሞሌዮን በኩል፣ ታርዴን አልፌ ነው። ሊክ አቴሬ ሳይደርሱ ሸለቆው ሰፊ፣ ሜዳውም ለምለም ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከላሮ፣ አንዱ ከሴንት አንግራስ ይመጣል፤ ሁለቱ ተዋሕደው ሴዞን የሚባለውን ወንዝ ይሠራሉ። ወደ ሴንት አንግራስ የሚወስደው የዲ 113 መንገድ ከዚህ በኋላ እየጠበበ ገደል ለገደል ይሄዳል። ነዳጅ ሞሌዮን ላይ ይሞላ፤ ስንቅም እዚያው ይገዛ። አቅጣጫ መጠቆሚያው ላይ የመንደሩን ስም ብቻ መጻፍ ያሳስታል፤ ታችኛው ሰፈር ላይ አድርሶ «ደርሰዋል» ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ገና ጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። የሚሄዱበትን ቦታ ለይተው ይጻፉ፦ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወይ የካኩዌታን ገደል፣ ወይ የላ ቬርናን ዋሻ መቀበያ። በር ላይ ሰው ካገኙ በሱቤሮአ አነጋገር «ኤጉን ሁን» ማለት ደግ ነው፤ «እንደምን ዋሉ» እንደማለት ነው። በሌላው የባስክ አገር «ኤጉን ኦን» ይባላል፤ የዚህን ሸለቆ ሰው ከሌላው የሚለየው አንዱ ይህ አነጋገሩ ነው።

መጀመሪያ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መውጣት ይሻላል። ከባሕር ጠለል 630 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ የተቀመጠ አጭርና ወፍራም ሕንፃ ነው። የጣሪያው ሁለት ክንፎች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዝሞ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያዘነበለ ይመስላል። በ1085 የአራጎንና የናቫራ ንጉሥ ሳንቾ ራሚሬስ ስፍራውን ከተራራው ወዲያ፣ ዛሬ በስፔን ላለው ለሌይሬ ገዳም ሰጠው። ድንበሩ ዛሬ በተራራው አናት ላይ ቢያልፍም፣ በዚያ ዘመን የዚህ ሸለቆ አለቆች ከተራራው ማዶ ነበሩ። መንደሯ በስሟ የተጠራችላት ቅድስት ራሷ ከማዶ የመጣች ናት፤ ኤንግራሲያ በሳራጎሳ ከተማ በሮማውያን ዘመን የተሠዋች ሰማዕት ናት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሌቦች የክንዷን ዐፅም ሰርቀው እዚህ ሸለቆ ውስጥ፣ ምንጭ አጠገብ ባለ የወርካ ያህል በገዘፈ የባሉጥ ዛፍ ጉድጓድ ሸሸጉት፤ አንድ ኮርማ ቀንዶቹ እንደ ጧፍ እየበሩ ከዛፉ ሥር ሲንበረከክ ታየ፤ ዐፅሙም ተገኘ።

ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ይያዙ። መቅደሱን የሚከልለው የብረት አጥር የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የዓምዶቹ ራስ በሰውና በአውሬ ምስል ተቀርጾ ቀለም ተቀብቷል፤ አደን አለ፣ አክሮባት የሚሠሩ አጫዋቾች አሉ፣ ትንሣኤም አለ። ከመቅደሱ በስተቀኝ ያለውን ዓምድ ግን ኢትዮጵያዊ ሳያይ እንዳይወጣ እለምናለሁ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ናቸው። ንግሥቲቱን ያመጣት ዝሆን ጀርባው ላይ ድንኳን መሰል መቀመጫ ጭኗል። ከ800 ዓመት በላይ በፊት በዚህ በረዶ በሚዘጋው ሸለቆ ውስጥ መሮ ይዞ የተቀመጠ ጠራቢ፣ ከደቡብ ስለመጣችው ንግሥት ሰምቶ፣ እንዴት እንደተጓዘች አስቦ ቀረጻት። እኛ ማክዳ የምንላት ናት። ሲወጡ መካነ መቃብሩ ውስጥ ራሳቸው እንደ ምጣድ ክብ የሆኑ የባስክ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ እነርሱም ይታዩ።

የመንደሩን ሕይወት የሚወስነው የኖራ ድንጋይ ነው። ከላይ ያለው ተራራ ዝናብና በረዶ በብዛት ይቀበላል፤ ውሃው ግን ላዩ ላይ አይፈስም። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ውሃው እያሟሟው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በመቶዎች ሜትር ታች ባሉ ዋሻዎች ሄዶ ሸለቆው ግርጌ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ አናቱ ደረቅ፣ ግርጌው ርጥብ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ካኩዌታ ይበቃል። ውሃው የኖራውን ድንጋይ እየቆረጠ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ሠርቷል፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች በጥቂት ሜትር ብቻ ይራራቃሉ። እስከ ጫፍ ድረስ ያሰሰው ፈረንሳዊው የዋሻ አጥኚ ኤድዋር አልፍሬድ ማርቴል ነው፣ በ1906። መግቢያ ይከፈላል፤ ክፍት የሚሆነው በጸደይ፣ በበጋና በመኸር ነው። ድንጋይ ሲናድ ወይም ወንዙ ሲሞላ በወቅቱም ቢሆን ስለሚዘጋ፣ ከመነሳትዎ በፊት የታርዴን የቱሪስት ቢሮ ይጠይቁ። መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ይፈጃል። የሚያስቸግረው ርቀቱ አይደለም፤ እርጥበቱ ነው። የእንጨት ድልድዮቹና የተወለወሉት ድንጋዮች ሁሌም ያዳልጣሉ፤ ፀሐይ እታች ድረስ ስለማትገባ በነሐሴም አይደርቁም። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ግድ ነው። ሄልሜት ሲሰጡ «ይሞቀኛል» ብሎ መተው አይገባም፤ ጠጠር የሚለቁት ከላይ የሚሄዱ በጎችና ፍየሎች ናቸው። ወደ መጨረሻው ላይ ከግድግዳው መሐል 20 ሜትር ያህል የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ከላይ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ከድንጋዩ ቀዳዳ ይወጣል። ተራራው አናት ላይ የሰረገው ውሃ በዚህ በኩል ይመለሳል ማለት ነው።

መመለሱ እንጂ ውስጥ ውስጡን የሄደበት መንገድ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1950 ዦርዥ ሌፒኖ የተባለ ዋሻ አሳሽ ከድንጋይ ቀዳዳ ወፍ ስትወጣ አየ፤ ድንጋይ ወረወረ፤ ድንጋዩ ብዙ ቆይቶ ነው የተሰማው። ከ300 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ነበር። በ1952 ማርሴል ሉባንስ በዊንች ገመድ ሲወጣ፣ ገመዱን ከቀበቶው ጋር የሚያያይዘው የብረት ማሰሪያ ለቀቀና ወደቀ፤ እዚያው ታች ሞተ። አስከሬኑ የወጣው በ1954 ነው። በመካከሉ፣ ነሐሴ 1953፣ ከሊዮን የመጡ ወጣቶች የምድር ውስጥ ወንዙን ተከትለው ሄደው ሄደው መብራታቸው ግድግዳም ጣሪያም የማይመታበት ጨለማ ውስጥ ገቡ። የላ ቬርና አዳራሽ ነው፤ ስፋቱ 245 ሜትር፣ ቁመቱ 194 ሜትር ነው።

ዛሬ ማንም ሰው ይገባበታል። የፈረንሳይ መብራት ኃይል የምድር ውስጡን ውሃ ለማመንጫ ሊጠቀምበት አስቦ ከ1956 እስከ 1960 ከተራራው ጎን 660 ሜትር መተላለፊያ ፈለፈለ፤ ሐሳቡ ተትቶ ቀረ። ማመንጫው እውን የሆነው በ2008 ነው፤ ለጎብኚ የተከፈተው በ2010። ቦታ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከመቀበያው በመኪና ወይም በእግር ወደ ዋሻው አፍ ይወጣል። ውስጡ ክረምት ከበጋ 6 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው በሐምሌ በካናቴራ መጥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ሹራብና ሱሪ ይልበሱ። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ቀስ በቀስ ሲበራ ዓይን ርቀቱን ለመቀበል ጊዜ ይፈልጋል፤ አስጎብኚውን አታስቸኩሉት።

ከዚህ በኋላ የቀረው ላይኛው አገር ነው፤ በጎቹ በበጋ የሚሰማሩበት። ከግንቦት ወይም ከሰኔ ጀምሮ ማኔሽ የሚባሉት በጎች ሲወጡ እረኞቹ ካዮላር፣ በአካባቢው አጠራር ኦልሃ በሚባል ጎጆ ይሰባሰባሉ። ኦልሃ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ድርሻ ያላቸው እረኞች በጎቻቸውን ቀላቅለው ያግዳሉ፤ ሥራውም በተራ ይዞራል። አይብ የሚሠራውና ጎጆውን የሚይዘው ተረኛ «ኤቼካንዴሬ» ይባላል፤ ትርጉሙ «የቤት እመቤት» ነው፤ ጎጆው ውስጥ ያሉት ግን ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ከመንጋው ብዛት በላይ የተራው ፍትሕ ይከበራል።

አይቡ ኦሶ ኢራቲ ነው፤ ስሙ ከ1980 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። የበግ ወተቱ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ በጨጓራ እርሾ ይረጋል። የረጋው ወተት የበቆሎ ፍሬ እስኪያህል ይቆራረጣል፤ ከዚያ እየተማሰለ እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ተጨምቆ ጨው ይነካዋል። ሥራው የሚበላሸው አቆራረጡ ላይ ነው፤ ቁርጡ ትልቅ ከሆነ አጓቱ ውስጥ ይቀርና አይቡ ይጎመዝዛል፤ ሲበስልም ይሰነጠቃል። ትንሹ ድቡልቡል ቢያንስ 80 ቀን፣ ትልቁ 120 ቀን ይቀመጣል። የተረፈው አጓት እንደገና ሞቆ ሴንቤራ ይወጣዋል፤ ቀምሶት የኛን አይብ የማያስታውስ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ሲገዙ ልጣጩን ይዩ፦ በጉ ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ ከእረኛ ቤት፣ በጎን የሚያይ ከሆነ ከፋብሪካ ነው። ኤደልቫይስ የምትባለው የተራራ አበባ ምልክት ካለበት ተራራው ላይ በበጋ የተሠራ ነው። እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ይገባዋልም።

ከጎጆዎቹ በላይ፣ በፒዬር ሴን ማርታን የተራራ ማለፊያ ላይ፣ 1,760 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 262 ቁጥር የተጻፈበት የድንበር ድንጋይ አለ። በየዓመቱ ሐምሌ 13 ቀን የባሬቱ ሸለቆ ሰዎች ከስፔን በኩል ላሉት ለሮንካል ሰዎች ሦስት የሁለት ዓመት ጊደሮች ያስረክባሉ፤ ቀለማቸውና ቀንዳቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህ በ1375 በሽማግሌዎች የተፈረደ ነው፤ ለግጦሽና ለምንጭ ውሃ ደም ከተፋሰሱ በኋላ። ባሬቱ የሴንት አንግራስ ጎረቤት ነው እንጂ ባስክ አይደለም። ጠቡን ያመጣው ግን ያው የኖራ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ ውሃ አይገኝምና አንድ ምንጭ ለሁለት ሸለቆ አይበቃም ነበር። በዚያ ቀን መንገዱ ስለሚጨናነቅ ማልዶ መነሳት ነው።

በጂአር 10 የእግር መንገድ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከዚያ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ አቀበት ነው፤ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፤ ከተሰነጣጠቀው ድንጋይ መሐል ምልክት ከጠፋ ባሉበት መቆም ይሻላል፤ ጉድጓዶቹ አፋቸው አይታይም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ እርሱም ከመንደሩ፣ ከታች ይሞላ።