አባት ቆጠራ

የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎችን ውጤት አስረክቤ ስጨርስ በየዓመቱ የሚመጣብኝ አንድ ስሜት አለ። ድካም እንዳልለው እንቅልፌን ጠግቤያለሁ፤ ኀዘን እንዳልለው የደረሰብኝ ነገር የለም። ሥራው ሲያልቅ «ለመሆኑ ምን ስሠራ ከረምኩ?» የሚያሰኝ ነገር ነው። ዘንድሮ ስሜቱ ቀደም ብሎ የጀመረኝ የቢሮ ጎረቤቴ፣ የዋጋ ንረትን በሞዴል የሚተነብየው፣ ቡና ላይ ሳለን «አንተ እኮ የሙታን ኢኮኖሚስት ነህ» ስላለኝ ይመስለኛል። እኔም ስቄያለሁ። የእሱ ትንበያ በየስድስት ወሩ እየሞተ እንደሚታደስ፣ የእኔ ሰዎች ግን አንዴ ሞተው እንደ ጨረሱ ልነግረው ይገባ ነበር፤ መልሱ የመጣልኝ እሱ ሒሳብ ከፍሎ ከሄደ በኋላ ነው።

በነገሩ ውስጥ ግን እውነት አለ። ዛሬ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሙያው አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ካሳተመው መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ በከፍተኛ ማዕረግ ሊመረቅ ይችላል። ሙያው ከቀደሙት የሚጠቅመውን ሁሉ ወስዶ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በቀመርና በሥዕል እንዳስቀመጠው ያምናል፤ የተረፈው ስህተታቸው ስለ ሆነ እሱን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ስለዚህ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ ሰዓት ሲደለደልም ከምሳ በኋላ ያለው፣ ሁሉም የሚያንቀላፋበት ጊዜ ይደርሰዋል። ቢሆንም በዚያ ሰዓት እንኳ የሚነቁበት ቀን አለ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሐኪም የነበረው ፍራንሷ ኬኔ እ.ኤ.አ. በ1758 የአንድን አገር ሀብት ዝውውር በሰንጠረዥ ሲያሳይ ትርፍ የሚያፈራው እርሻ ብቻ እንደ ሆነ፣ የእጅ ባለሙያውና ነጋዴው ግን ምንም እንደማይጨምሩ መደምደሙን ስነግራቸው ሁሉም ቀና ይላሉ። «ግብርና መር» የሚለውን ሐረግ በዜና እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸውና ሐኪሙን የሚያውቁት ያህል ይቀርባቸዋል።

የሚገርመኝ ግን ሙታኑ በየዘመኑ አዲስ ሥራ የሚሰጣቸው መሆኑ ነው። በደርግ ጊዜ የተማሩ ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ስሚዝና ከእሱ ቀጥሎ የመጣው እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ሪካርዶ ወደ ክፍል ይገቡ የነበሩት የማርክስ አባቶች ሆነው ነበር፤ ሌኒን ከቆጠራቸው ሦስት የማርክሲዝም ምንጮች አንዱ የእንግሊዝ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነውና ያለ እነርሱ ወደ ማርክስ ዋና መጽሐፍ ወደ «ካፒታል» መድረስ አይቻልም ነበር። በእኔ ጊዜ እነዚያው ሁለት ሰዎች የነፃ ገበያ አባቶች ሆነው ጠበቁኝ። ሰዎቹ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ የተቀየረው ልጅ ነኝ ባዩ ነው።

ይህን ሳስብ አያቴ የሚያወሩት የርስት ሙግት ትዝ ይለኛል። ርስት ለመካፈል የሚሟገት ሰው ትውልዱን ወደ ላይ እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ዘንድ መድረስ አለበት፤ ቆጠራው ከደረሰለት ይካፈላል። ብልህ ሙግተኛ እንደ መሬቱ ለምነት አንዴ በእናቱ፣ አንዴ በአባቱ በኩል ይቆጥራል፤ ጠፍ መሬት የተወ አባትን ማንም አያስታውሰውም። የእኔ ሙያ ሰዎችም ከዚህ ብዙ አንርቅም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት አርተር ላፈር በስሙ የሚጠራውን የግብር ኩርባ፣ ማለት ግብር ከልክ ሲያልፍ የመንግሥት ገቢ ይቀንሳል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1377 «ሙቀዲማ»ን እስከ ጻፈው እስከ ዐረቡ የታሪክ ሊቅ እስከ ኢብን ኻልዱን ድረስ ወደ ኋላ ቆጥሮታል። ኢብን ኻልዱን ግን የሥርወ መንግሥታትን አነሣስና አወዳደቅ ሲመረምር የግብርን ነገር በዚያው መሐል አነሣ እንጂ በአሜሪካ ምርጫ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም።

የእኛ አገር ኢኮኖሚስት ድርሻውን ሲጠይቅ የሚጠራው አባት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወጥቶ፣ በኦስትሪያና በጀርመን ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ መንግሥትን ያገለገለ፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም የነበረ፣ በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስሙ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ይከተላል፤ እኔም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እለዋለሁ። «ኢኮኖሚስቶቹ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች በዓለም ንግድ እንደሚጎዱ ከመጻፋቸው ሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የእኛው ሰው ጽፎታል።» ይህን ስል ተማሪዎቹ ፊታቸው ይበራል፤ እኔም ትንሽ ደረቴን እነፋለሁ። ዘንድሮ ግን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ፕሬቢሽ ባይጽፍ ኖሮ ገብረ ሕይወት ተሳስቶ ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጊዜው መልስ የሚመስል አንድ ነገር ነገርኳት፤ ጥያቄዋ ግን እስካሁን አብሮኝ ነው።

ምክንያቱም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላነበበ ሰው ነገሩ አንድ አይደለም። ፕሬቢሽና ሲንገር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያነሡት ጉዳይ የዋጋ ጉዞ ነው። በብሪታንያ የንግድ አኃዝ ላይ ተመሥርተው፣ ከ1870ዎቹ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ያው አንድ መጠን ጥሬ ዕቃ የሚገዛው የፋብሪካ ዕቃ እያነሰ መሄዱን አሳዩ፤ ምክንያቱንም በበለጸጉት አገሮች የምርታማነት ፍሬ ወደ ደመወዝና ትርፍ ሲገባ በድሆቹ ዘንድ ወደ ርካሽ ዋጋ በመለወጡ ውስጥ ፈለጉት። ገብረ ሕይወት ግን የሚያወራው ዋጋ ከዘመን ወደ ዘመን ስለ መውረዱ አይደለም። የእሱ መለኪያ የሥራ ቀን ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራዋል፤ ሁለቱ ሲገበያዩ የአንደኛው ብዙ ቀን ለሌላው ጥቂት ቀን ይሰጣል፤ ይህም የሚሆነው ዋጋው ቢወርድም ባይወርድም ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚፈልገው በመጀመሪያ በትምህርትና በሙያ ነው፤ ቀጥሎም በአገር ውስጥ ሥርዐት፣ ማለት ንግዱን በየመንገዱ ከሚያንቀው የኬላ ቀረጥ፣ ልክና ወሰን ከሌለው ግብር፣ በገበሬው ጫንቃ ላይ ከሚኖረው ወታደር አገሪቱን በማላቀቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከንግድ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ለዕውቀትና ለአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ ይቀርባል።

ደግሞም የጉምሩክ ሰው ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለ ሆነ እሱ በሥራ ላይ ሳለ ቡናውና ቆዳው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ጨርቁና ጠመንጃው ወደ አገር ሲገባ የሚያየው በዓይኑ ነው። ለመገበያያ የሚቆጠረው ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ምስልና የሞተችበት 1780 የተቀረጸበት ገንዘብ ነው፤ ዋጋውም በዓለም ገበያ ከብር ማዕድን ጋር ይወጣል ይወርዳል። በእሷ አገር አድጎ ተመልሶ እሷኑ በድሬዳዋ መቁጠሩ ምን እንዳሰኘው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ፕሬቢሽ ቢወለድም ባይወለድም ይህ ሰው ያየውን አይቷል፤ የልጅቷ ጥያቄ መልሱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መቅደም ብቻውን እንደማይጠቅም ደግሞ ሙያችን ብዙ ምስክር አለው። ሄርማን ጎሰን የሚባል ጡረታ የወጣ የፕሩሺያ ባለሥልጣን ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ጉርሻ የሚገኘው እርካታ እየቀነሰ እንደሚሄድ በሒሳብ አስደግፎ እ.ኤ.አ. በ1854 መጽሐፍ አሳተመ፤ የሚገዛው ስላጣ ያልተሸጠውን ከገበያ አስሰበሰበና በ1858 ሞተ። እንግሊዛዊው ጄቮንስ ያንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ ደርሶበት ስም ካተረፈበት በኋላ በ1878 ስለ ጎሰን መጽሐፍ ሰማ፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው በራሱ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም መግቢያ ላይም ቀዳሚነቱን መሰከረለት። ፖላንዳዊው ሚካል ካሌትስኪ፣ እንግሊዛዊው ኬንስ በ1936 ስለ ሥራ አጥነት ካወጣው ሐሳብ ዋና ዋናውን በ1933 በፖላንድ ቋንቋ አሳትሞ ነበር፤ ቋንቋውን የሚያነብ ኢኮኖሚስት ጥቂት ስለ ነበረ ነገሩ ተሸፍኖ ቀረ። ካሌትስኪ ግን በሕይወት ነበረና ራሱ እንግሊዝ ሄደ፤ የካምብሪጅዋ ኢኮኖሚስት ጆአን ሮቢንሰንም ዕድሜዋን ሙሉ ተሟገተችለት። የእኛ ነጋድራስ እንደ ጄቮንስ ያለ ምስክር፣ እንደ ሮቢንሰን ያለ ጠበቃ አላገኘም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ያን ጊዜ ክርክሩን ሌሎች ጀምረው፣ ተከራክረው፣ ደክሟቸውም ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የእነርሱ አለማወቅ አይደለም። የርስት ቆጠራ ያልተቋረጠ መስመር ይፈልጋል፤ አባቱ ወለደ፣ የተወለደው ወለደ እያለ እስከ ተሟጋቹ መድረስ አለበት። እኛ ከገብረ ሕይወት አልተወለድንም። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስሠራ ስሙን ከአንድም የኢኮኖሚክስ መምህር አልሰማሁም፤ የነገረኝ የታሪክ ክፍል ወዳጄ ነው፣ ያውም በምሳ ሰዓት ሊያበሽቀኝ ብሎ። የተማርኩት ከእንግሊዛዊው ማርሻል በአሜሪካዊው ሳሙኤልሰን በኩል በወረደው መስመር ነው፤ የጥያቄ አቀራረቤ፣ የማስረጃ ምርጫዬ፣ በእንቅልፌ የምስለው ኩርባ ሳይቀር የዚያ ቤት ነው። እሱ ጀርመንኛ እያወቀ ስለ ቀረጥና ስለ ግብር በአማርኛ የጻፈ ሰው ነው፤ እኔ ስለ እሱ የጻፍኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው እንግሊዝኛው ነዋ። ልጅ ያጣ ሰው ማደጎ ሲወስድ አይተናል፤ የሞተ አባት በማደጎ የወሰድን ግን እኛ ሳንሆን አንቀርም።

እንዲህም እያልኩ ከቆጠራው ልወጣ አልቻልኩም። ሰሞኑን የሚያባንነኝ ጀርመናዊው ኢኮኖሚስት ፍሪድሪኽ ሊስት ነው። ሊስት እ.ኤ.አ. በ1819 የጀርመን ነጋዴዎችን ወክሎ በየግዛቱ ወሰን የሚከፈለው ቀረጥ እንዲነሣ አቤቱታ የጻፈ፣ በ1841 ባሳተመው መጽሐፍም ሀብትን ማፍራት የሚያስችለው ኃይል ከሀብቱ ከራሱ እንደሚበልጥ፣ የዚያም ኃይል ሥር ዕውቀትና መልካም አስተዳደር እንደ ሆነ የተከራከረ ሰው ነው። እንደ ገብረ ሕይወት ሁሉ ኬላውና ዕውቀቱ አንድ ላይ ሲገኙ ማን ዝም ይላል? ገብረ ሕይወት ባደገበት ዘመን ደግሞ ኢኮኖሚስቱ ጉስታቭ ሽሞለር በርሊን ላይ ያስተምር ነበር፤ የጀርመን ኢኮኖሚክስም ከቀመር ይልቅ በታሪክና በመንግሥት አስተዳደር ላይ ያተኮረ ነበር። ግንኙነቱን የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ባገኝ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ርእሱን ሳይቀር አስቤዋለሁ። ነገር ግን ምን አደረግሁ ማለት ነው? እስከ ትናንት የፕሬቢሽ ቀዳሚ የነበረው ሰው ከነገ ጀምሮ የሊስት ተከታይ ይሆናል፤ ሁለት የውጭ ሰዎች መሐል አቁሜው አንዴ ወደ ፊቱ፣ አንዴ ወደ ኋላው አዞርኩት እንጂ ወደ ራሱ አልደረስኩም።

ወደ ራሱ ለመድረስ እንደ ጉምሩክ ሹም ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ነጋዴ የት የት እንደሚቆም፣ ለማን ምን እንደሚከፍል፣ ባቡሩ ለአንድ ጭነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለገበሬው ምን እንደሚተርፍ ማወቅን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የማውቀውን ላውራ ካላችሁኝ፣ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1790 ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያልታተሙ ጽሑፎቹን እንዳስቃጠለ፣ ጄቮንስ በ1882 ሄስቲንግስ አጠገብ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ በ46 ዓመቱ እንደ ሰመጠ ያለ ማስታወሻ እነግራችኋለሁ። ነጋድራስ በሞተበት ዓመት ድሬዳዋ ላይ አንድ ፈረሱላ ቡና ስንት ጠገራ ብር ያወጣ እንደ ነበረ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም፤ የሚጠይቀኝ ከመጣ ወሬውን ወደ ጄቮንስ ዋና እመልሰዋለሁ።