ፍሪጅ ውስጥ የቦካው የአዲስ ዓመት ሾርባ

አትላንታ ውስጥ ባለ አንድ የሆቴል ኩሽና፣ ጃንዋሪ 1 ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማታ ተሠርቶ ያደረው የአደንጓሬ ሾርባ ከዎክ-ኢን ፍሪጁ (ሰው ገብቶ የሚቆምበት ትልቅ ፍሪጅ) ሊወጣ ክዳኑ ሲነሳ ፊቱ ላይ ነጭ አረፋ ደፍቷል። ድስቱ 40 ሊትር ይይዛል፤ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በስድስት ሰዓት 150 ሰው ምሳ ይበላል። ጭልፋ ሲገባበት ከሥሩ እንደ ቦካ ሊጥ ቡፍ ቡፍ ይላል። ቴርሞሜትሩ ዳር ላይ 19 ዲግሪ ሴልሺየስ አነበበ፤ መሃል ላይ 43። ፍሪጁ ግን ምንም አልሆነም። 3 ዲግሪ ላይ ነው፣ መብራትም አልጠፋም።

ረዳቱ ወጣት ድስቱን ወደ ምድጃ ሊጎትት እጁን ሰደደ።

«እትዬ፣ እንደ ወጥ ደህና አድርገን ብናንተከትከውስ? ይመለሳል እኮ።»

«የምን ማንተክተክ! ድፋው የኔ ልጅ» አሉት የጠዋቷ አብሳይ። ሼፉም መጥቶ ቴርሞሜትሩን አየና ያንኑ ነው ያለው።

ወጥ ማታ ማታ እየሞቀ እንዲያድር ማድረግ የለመደ ሰው የልጁ ሐሳብ አይገርመውም። እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ባሲለስ ሴሬየስ እና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባሉት ተህዋስያን አፈርና እህል ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ዘራቸው (ስፖር ይባላል) መፍላትን ይቋቋማል። ድስቱ ሲፈላ ሌሎቹ ሲሞቱ እነሱ ይቀራሉ፤ ሾርባው ሲበርድና ለብ ሲል ይነቃሉ። ፐርፍሪንጀንስ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኝ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ባሲለስ ሴሬየስ ደግሞ ከሚያመነጫቸው መርዞች አንዱ፣ የሚያስመልሰው፣ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ ማፍላቱ ሽታውን ያጠፋ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያስቀርም።

ሾርባው ለምን በዚያ ቀን የግድ እንደሚያስፈልግ ለአዲስ ሠራተኛ መንገር ይገባል፤ «ሌላ ሾርባ እናውጣ» የሚል ሰው አይጠፋምና። ብላክ አይድ ፒ የሚባለው፣ ነጭ ሆኖ እምብርቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው አደንጓሬ፣ በአሜሪካ ደቡብ የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ምግብ ነው። አደንጓሬው ዕድል፣ ጎመኑ የወረቀት ገንዘብ፣ አጠገቡ የሚቀርበው የበቆሎ ዳቦ ወርቅ ነው ይባላል። እህሉ ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ ንግድ ዘመን የመጣ ነው፤ የባርነት ነፃነት አዋጁም የጸናው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ስለነበር ቀኑ ለጥቁር አሜሪካውያን ድርብ ትርጉም አለው። ከሩዝ ጋር ሲሠራ ሆፒን ጆን ይባላል። ድስቱ ውስጥ ሳንቲም የሚጥሉም አሉ፤ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው። በሆቴል ኩሽና ይህን አትሞክሩት፤ ጥርስ ይሰብራል። የዚያን ቀን ደንበኛ ሌላው ቢቀር ይታገሣል፤ አደንጓሬው ከቀረ ግን ሰሃኑን ይመልሳል።

ማታ የሆነው ቀላል ነው። የማታው ፈረቃ ሾርባውን በሦስት ሰዓት አወጣ፣ ገሚሱን አደንጓሬ በጭልፋ ጀርባ ፈጭቶ አወፈረው፣ ከነክዳኑ ፍሪጅ ውስጥ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ። ዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። የምግብ አሠራር ካርዱም ላይ የመጨረሻው መስመር «እስኪበስል ቀቅል» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው አንድም ቃል የለም፤ የአደንጓሬ ሾርባ ግን አስቸጋሪው ሥራው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ቀጭን የአጥንት መረቅ ሲበርድ ዳሩ ላይ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ራሱን በራሱ ያማስላል። የአደንጓሬ ስታርች ያወፈረው ሾርባ ይህን አያደርግም። ባለበት ይረጋል። ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ መሃሉም ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ይርቃል። ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱ ይዞት የሚሄደውን ሙቀት መለሰበት። ፍሪጅ የቀዘቀዘን ምግብ እንደቀዘቀዘ ለማቆየት የተሠራ ነው፤ 38 ሊትር የፈላ ነገር ለማቀዝቀዝ አቅም የለውም፤ እንዲያውም አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋ ያሞቃል።

የአሜሪካ የምግብ ደንብ የሚጠይቀው ሁለት እርምጃ ነው። ከ57 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት። የአሜሪካ ኩሽና ቴርሞሜትር አብዛኛውን ጊዜ በፋራናይት ስለሆነ ቁጥሮቹ 135፣ 70 እና 41 ተብለው ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ይሻላል። የመጀመሪያው 2 ሰዓት ነው ወሳኙ፤ አደገኛው ሙቀት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። 21 ሳይደርስ 2 ሰዓት ካለፈ፣ ወዲያው ወደ 74 ዲግሪ መልሶ አሙቆ አንዴ ብቻ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ አለበለዚያ ይደፋል።

እንዴት ይደረሳል? ሾርባውን 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባላቸው ሆቴል ፓኖች (አራት ማዕዘን የብረት ትሪዎች) ላይ ማካፈል፣ እያንዳንዱንም ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አለመሙላት። ለ38 ሊትር ስድስት ያህል ትልልቅ ፓን ያስፈልጋል፤ ፍሪጁ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ ከወዲሁ ይጠረግ። አይደራረቡ፣ አየር በመካከላቸው ይለፍ፣ እስኪበርዱም አይከደኑ። ፓን ካልበቃ ድስቱን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ በረዶና ውሃ እስከ ሾርባው ቁመት መሙላት ነው። በረዶ ብቻውን ድስቱን በደንብ አይነካም፣ ውሃ ይጨመርበት። ከዚያ በየ10 ደቂቃው ማማሰል። ባዶ የወተት ጀሪካን አጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ አስረግቶ፣ ውጪውን ደህና አጽድቶ ሾርባው መሃል መክተትም ይቻላል። ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ በትር ይሸጣል፤ ካለ እሱ ይሻላል። በቃል የማይነገር አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለነገ የሚሠራ ሾርባ ዛሬ አይወፈር። አደንጓሬውን መፍጨት ነገ ሲሞቅ ይደረሳል፤ ቀጭኑ ሾርባ በግማሽ ችግር ይበርዳል።

ወደ ጠዋቱ እንመለስ፤ አምስት ሰዓት ነው ያላቸው። ያዳናቸው የእህሉ ዓይነት ነው። ሌላ አደንጓሬ ቢሆን መዘፍዘፉ ብቻ ሌሊቱን ይወስድ ነበር፤ ብላክ አይድ ፒ ቆዳው ስስ ስለሆነ ሳይዘፈዘፍ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበስላል። ጊዜ የሚፈጀው ሾርባው ውስጥ የሚገባው የአሳማ ቁርጭምጭሚት ነው። በጢስ የደረቀው ሥጋ ከአጥንቱ እስኪለቅ 2 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ቢከቱት ወይ ሥጋው ጥሬ ይሆናል፣ ወይ አደንጓሬው ገንፎ። 30 ሊትር ውሃ በአንድ ምድጃ እስኪፈላም ምሳ ይደርሳል።

አብሳይዋ ሥራውን ለሦስት ድስት ከፈሉት። በአንዱ ስድስት ቁርጭምጭሚት (4 ኪሎ ገደማ) ቆዳው በቢላ ተተልትሎ በ8 ሊትር ውሃ ተጣደ። በሁለቱ እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ የተለቀመና የታጠበ አደንጓሬ ከ11 ሊትር ውሃ ጋር። 2 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ ሴለሪ፣ 1 ኪሎ የፈረንጅ ቃሪያ ተከትፎ በዘይት ለብቻው ከለሰለሰ በኋላ 150 ግራም ነጭ ሽንኩርት ገባበትና ለሁለቱ ድስት ተካፈለ፤ ጦስኝና ጥቂት የቤይ ቅጠል ተከተሉ። አደንጓሬው አንዴ ገንፍሎ ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል፤ ፊቱ ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ነው የሚፈለገው። እየተንፈቀፈቀ ከበሰለ ቆዳው ይለቅና ፊቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውስጡ ይፈርሳል፣ የፈረሰውም ወርዶ ከሥር ይይዛል። ከሥር የያዘ ድስት አይፋቅም። ሳይነካ ላይ ላዩ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል።

ረዳቱ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ ገና ሃያ ደቂቃው ነው።

«እሱን አስቀምጥልኝ። መጀመሪያ ይብሰል።»

ልክ ናቸው። የቲማቲም ኮምጣጣነት የእህሉን ግድግዳ ያያያዘውን ፔክቲን ያጠነክረዋል፤ የቆርቆሮ ቲማቲም ላይ እንዳይፈርስ ተብሎ የሚጨመረው ካልሲየም ደግሞ ይብስበታል። ቀድሞ ከገባ አደንጓሬው ሁለት ሰዓት ቢቀቀልም ጥርስ ላይ ይቀራል። ካልሲየም የበዛበት ውሃም፣ ዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ እህልም እንዲሁ ያደርጋል። ቲማቲምና ኮምጣጤ መጨረሻ ላይ ናቸው። ጨው ግን በሐሜት ነው የሚታማው፤ አደንጓሬን አያጠነክርም። ቤኪንግ ሶዳ ያለሰልሳል፣ ግን ያሟልጨዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል፤ ለዚህ ስስ ቆዳ ከቶ አያስፈልግም።

ጨው የሚዘገየው በሌላ ምክንያት ነው። በጢስ የደረቀው ሥጋ ራሱ ጨው ነው፤ ምን ያህል እንደሚለቅም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ካርዱ 350 ግራም ይላል። እንደዚያው ቢጨመር ሾርባው አይቀመስም ነበር።

ቅምሻው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው፤ ጾመ ነቢያት ገና አላለቀም። አብሳይዋ ጿሚ ናቸው፤ ባይጾሙም የአሳማ ሥጋ አይነኩም። በአሜሪካ ኩሽናዎች ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ዘዴውም ሚዛን ነው። የሾርባ ጨው በአጠቃላይ ከክብደቱ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ለ38 ኪሎ 380 ግራም ማለት ነው። ሥጋው ጨዋማ ከሆነ ከግማሽ በታች ተጀምሮ ቀሪውን ሌላ ሰው ቀምሶ ያስተካክለዋል። እሳቸው 150 ግራም ጨመሩ፣ ሥጋው ተቦጭቆ ቅባቱ የተገፈፈለት መረቅ ከገባ በኋላ ሼፉን አስቀመሱት፤ 40 ግራም ብቻ አስጨመረ። መብሰሉን ያወቁት በጣት ነው። ከድስቱ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ፍሬ አውጥተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይጫኗታል። ቆዳዋ ተንሸራትታ ውስጧ እንደ ቅቤ ከተዳጠ በስላለች። መሃሏ ላይ ነጭ የኖራ ዱቄት የመሰለ ነጥብ ከቀረ ሌላ አሥር ደቂቃ። አንድ ፍሬ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ከሥር ያለው ቀድሞ ይበስላል።

አጠገቡ ትንሽ የጾም ድስት ነበረች፦ 1 ኪሎ አደንጓሬ፣ 5 ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ የጢሱን ሽታ የሚሰጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በጢስ የደረቀ ፓፕሪካ፣ 65 ግራም ጨው። ሥጋ ለማይበላ ደንበኛም ለሠራተኛም ትሆናለች፤ ጭልፋዋ ግን ለብቻዋ ይሁን። ቤት ለሚሠራ ሰው የዚህችኑ ግማሽ ቢይዝ ለስድስት ሰው ይበቃል።

ጎመኑ፣ በአሜሪካ ያለ ሐበሻ ሁሉ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ያው ኮላርድ፣ 3 ኪሎ ተቀንጥሶ በመጨረሻው 25 ደቂቃ ገባ። ቀድሞ ከገባ ይጠቁራል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አምስተኛው አደንጓሬ ተፈጨ፣ ቲማቲሙና ሩብ ሊትር ኮምጣጤ ተጨመረ፣ ሾርባው እንፋሎት ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ይህ ጠረጴዛ የሞቀውን በ57 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘ አያሞቅም። ያደረ ሾርባ መጀመሪያ ምድጃ ላይ በ2 ሰዓት ውስጥ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ከምሳ በኋላ 6 ሊትር ያህል ተረፈ። የደቡብ ሰዎች በማግስቱ ለሚበላው የሆፒን ጆን ትርፍ ስኪፒን ጄኒ የሚል ስም አላቸው። ረዳቱ ጠፍጣፋ ፓኖች ሁለት አወጣ፣ ሾርባውን ከጣት ቁመት ሳያሳልፍ አካፈለ፣ ሰዓቱን በቴፕ ላይ ጽፎ ለጠፈ። ለፍሪዘር ቢሆን በሁለት ሊትር ዕቃ፣ ከአፉ ሁለት ሴንቲሜትር ጎደል አድርጎ፤ ሲሞቅ ትኩስ ጎመን ይጨመርበታል።